ለመቱ ገዢ የጃፓን ስፖርት መኪና ስንት ያወጣል?

ደላላው ከሚጠራው ዋጋ ሌላ መንገዱ፣ ጋራዡና ወረቀቱም የየራሳቸውን ይጠይቃሉ

የቡና ለቀማው አልቆ ገንዘቡ እጅ ሲገባ በመቱና በአካባቢዋ ከተሞች ከሚነሱት ወሬዎች አንዱ የመኪና ጉዳይ ነው። በዕድሜ ገፋ ያለው ነጋዴ ዓይኑን የሚጥለው አይሱዙ ወይም ሚኒባስ ላይ ሲሆን፣ ወጣቱ የሚያስበው ሌላ ነው። ዝቅ ያለች፣ ፈጠን የምትል፣ በከተማው ጎዳና ስታልፍ ሰው ዞር ብሎ የሚያያት የጃፓን መኪና ይፈልጋል። ፎቶግራፏ ከአዲስ አበባ በደላላ ስልክ ይላክለታል፤ ዋጋዋም አንዳንዴ ከጠበቀው በታች ሆኖ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚጀምረው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሚከፍለው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለሻጩ፣ ቀጥሎ ለመንገዱና ለጋራዡ፣ በመጨረሻም ለወረቀቱ ይከፍላል። ደላላው የሚጠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ለሚኖር የመቱ ገዢ ግን ቀሪዎቹ ሁለቱ ከመጀመሪያው ሊበልጡ ይችላሉ። የአንድ ዓመት የቡና ትርፍ ወይም ወረፋ የተጠበቀለት የዕቁብ ገንዘብ መኪና ሆኖ ጓሮ እንዲቆም የማይፈልግ ሰው ሦስቱንም ክፍያዎች አስቀድሞ መደመር ይኖርበታል።

የተዘጋ በር

ያገለገለ የጃፓን መኪና በዓለም ገበያ ርካሽ የሆነበት ምክንያት በዋናነት በጃፓን ውስጥ ያለው ሕግ ነው። በዚያ አገር አዲስ የቤት መኪና ከ3 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ ጥብቅና ውድ የሆነ ምርመራ ማለፍ አለበት። መኪናው እያረጀ በሄደ መጠን ለምርመራው ብቁ ማድረጉ ስለሚከብድ ባለቤቱ ሸጦ አዲስ መግዛትን ይመርጣል። ገና ብዙ ዓመት መሥራት የሚችል መኪና ወደ ውጭ ገበያ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁንና ጃፓኖች የሚነዱት በመንገዱ ግራ በመሆኑ የመኪናቸው መሪ በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መስመር የተሻገረች አገር ስለሆነች መሪው በግራ የሆነ መኪና ነው የሚያስፈልጋት። ስለዚህ በአገራችን ያሉት የጃፓን መኪናዎች አብዛኞቹ በቀጥታ ከጃፓን ሳይሆን ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ የመጡ ናቸው። በዱባይና በሻርጃ ደግሞ የቀኝ መሪን ወደ ግራ ማዞር ራሱን የቻለ ንግድ ነው። መሪው የዞረ መኪና በፎቶግራፍ ላይ ምንም ልዩነት አይታይበትም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ዳሽቦርዱ ተፈትቶ፣ የመሪው ማርሽና የፍሬኑ መስመር ሲታይ ነው።

ሌላው የዋጋ ምንጭ ቀረጡ ነው። ከ1999 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በነበረው አሠራር የአንድ የቤት መኪና ታክስ የሚሰላው አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ነበር። ወደብ ሲደርስ 4,000 ዶላር የሚያወጣ፣ ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ መኪና በምሳሌነት ይወሰድ። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመር 5,400 ይሆናል። 30 በመቶ ኤክሳይዝ ሲጨመርበት 7,020፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት 8,073፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመርበት 8,880 ይደርሳል። በመጨረሻ በቅድሚያ የሚያዘው 3 በመቶ ግብር ሲታከል 9,000 ዶላር ይሞላል።

ያው የ4,000 ዶላር መኪና ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ ቢሆን ኖሮ ኤክሳይዙ 100 በመቶ ስለነበር ድምሩ ወደ 13,780 ዶላር ያሻቅብ ነበር። ትልቅ ሞተር ያላቸው የጃፓን ስፖርት መኪናዎች በአገራችን ብርቅ ሆነው የቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኮሮላና ቪትዝ መንገዱን የሞሉት ገዢው ሁሉ ስለወደዳቸው ብቻ ሳይሆን የቀረጡ ስሌት ወደ ትንሽ ሞተር ስለገፋው ጭምር ነው።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ዕድሜን ዋና መለኪያ አደረገ። አሮጌ በሆኑ መኪናዎች ላይ ኤክሳይዙ እስከ 500 በመቶ እንዲደርስ ተደረገ። በቀድሞው 35 በመቶ ቀረጥ ቢሰላ የ4,000 ዶላሩ መኪና በዚህ ጣሪያ ላይ 41,000 ዶላር ያልፋል ማለት ነው። በመጨረሻም በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

የእነዚህ እርምጃዎች ድምር ውጤት ግልጽ ነው። በቤንዚን የሚሠራ የጃፓን የቤት መኪና አቅርቦት አገር ውስጥ ባለው ብቻ ተወስኗል። በየዓመቱ አንዳንዱ ይጋጫል፣ አንዳንዱ ለመለዋወጫ ይበለታል፤ የሚተካው ግን አይገባም። በመሆኑም ገዢው በአሁኑ ጊዜ የሚከፍለው የመኪናውን ጥራት ብቻ ሳይሆን የበሩን መዘጋትም ጭምር ነው።

ዲኤክስ፦ የባለ አነስተኛ በጀት ስፖርት መኪና

በዚህ ገበያ ውስጥ አነስተኛ ገንዘብ ይዞ ስፖርት መኪና የሚፈልግ ሰው ምን ይግዛ? ሴሊካ፣ ሱፕራ ወይም የማዝዳ ባለ ሁለት ወንበር መኪና አልፎ አልፎ ለሽያጭ ሊቀርብ ይችላል። የአገራችን ወጣቶች ግን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሌላ መልስ አግኝተውለታል፤ ይኸውም ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። አሮጌ ዲኤክስ ገዝቶ ላሜራውን ማስቀጥቀጥ፣ ቀለሙን መለወጥ፣ ቸርኬውን በሰፊ መተካትና ወንበሩን ማስለበስ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው፤ ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል።

ምርጫው ከልማድ ያለፈ ምክንያት አለው። አራተኛው ትውልድ የሚባለው ኮሮላ በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተውና በዓለም ዙሪያ የስፖርት መኪና ወዳጆች የሚሻሙበት ኤኢ 86 የተባለው ኮሮላ የተሠራው በአብዛኛው በዚሁ መኪና መሠረት ላይ ነው። ልዩነቱ በዋናነት ሞተሩ ነው። በኤኢ 86 ላይ የተገጠመው 1,587 ሲሲና ባለ ሁለት ካምሻፍት ሲሆን፣ በተራው ዲኤክስ ላይ በብዛት የሚገኘው 1,290 ሲሲ የሆነው ፎር ኬ የተባለው ቀላል ሞተር ነው። ዲኤክስ ከ1 ቶን በታች የሚመዝን፣ በኋላ እግሩ የሚገፋ፣ በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና በመሆኑ በጉልበት ባይሆንም በአነዳድ የስፖርት መኪና ዘመድ ነው።

ገዢው ግን አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። ዲኤክስ የሞዴል ስም ሳይሆን የደረጃ ስም ነው። ከዚያ በኋላ በወጡትና በፊት እግራቸው በሚጎትቱት ኮሮላዎች ላይም ይኸው ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ይበጃል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግና ከኋላ ዲፍረንሻል ካለው የሚፈለገው እርሱ ነው።

መንገዱ የሚያስከፍለው

ከአዲስ አበባ የተገዛ መኪና የመጀመሪያ ፈተናው ወደ መቱ የሚያመጣው ጉዞ ራሱ ነው። የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል፣ ጅማን አልፎ በደሌ ይደርሳል፣ ከዚያም በያዮ ደን በኩል ወደ መቱ ይዘልቃል። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ከዋናው ወጣ ሲባል ወደ ወረዳዎቹና ወደ ቡናው ማሳ የሚያደርሰው ጠጠርና ጭቃ ነው።

አካባቢው በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ መኸር መግቢያ ይዘልቃል። ለአሮጌ የጃፓን መኪና ይህ ማለት ዝገት ነው። ስፖርት ለማስመሰል ዝቅ የተደረገ ዲኤክስ ደግሞ በጭቃው መንገድ ሆዱ መሬት ይነካል፤ ማርሚታውና የሞተር ዘይት መያዣው የመጀመሪያ ተጎጂዎች ናቸው። ዝቅ ለማድረግ የከፈለው ገዢ ወደነበረበት ለመመለስ እንደገና ይከፍላል።

ሁለተኛው የመንገድ ወጪ ከፍታ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በወረቀት ላይ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ጎሬ ሲደርስ ወደ 48 ዝቅ ይላል ማለት ነው። በካርቡራተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጨምራል፣ ነዳጅ ይበላል። ለአካባቢው ከፍታ ማስተካከል የሚችል መካኒክ ያስፈልገዋል። በኮምፒዩተር ነዳጅ የሚረጭ ሞተር ይህንን በራሱ ያስተካክላል፤ ሲበላሽ ግን መመርመሪያ መሣሪያ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ አሽከርካሪ ከ2,000 ሜትር ተነስቶ 500 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ያረጀ የፍሬን ሸራና ዓመታት የቆየ የፍሬን ዘይት ግለው ሊከዱ ይችላሉ። ለሞተር ጉልበት ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ለፍሬን የሚወጣው ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

መለዋወጫ፦ የማይጠራው ዋጋ

በአነስተኛ በጀት ለሚገዛ ሰው ከሁሉ በላይ ወሳኙ ጥያቄ «መኪናው ስንት ነው?» ሳይሆን «ሲበላሽ ዕቃው የት ይገኛል?» የሚለው ነው። የኮሮላ የፍሪሲዮን ሸራ ወይም ራዲያተር መቱ ባይገኝ ጅማ ይገኛል፤ ጅማ ቢጠፋ መርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። አዲሱ ባይኖር ያገለገለው አለ። በአገሪቱ በብዛት ያለ መኪና በመሆኑ የአንዱ ሞት ለሌላው መድኃኒት ነው።

የሴሊካ ወይም የማዝዳ ስፖርት መኪና ቴስታታ ቢሰነጠቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕቃው ከውጭ መምጣት አለበት፤ ለዚያም ዶላር፣ ቀረጥና ጊዜ ያስፈልጋል። መኪናው ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ሁሉ የተኛው ገንዘብ ቢነግድ ኖሮ ያስገኝ የነበረው ትርፍም ወጪ ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የታለፈ ዕድል ዋጋ ይባላል። በነጋዴ ቋንቋ ደግሞ ገንዘብ ታሠረ ይባላል።

ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያደርግ ገዢ በጀቱን በሙሉ ለመኪናው አያውለውም። ሲሶውን ለብቻ ማስቀመጥ ይበጃል። በዚህ ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎማ፣ ፍሬን፣ የጥርስ ቀበቶ ወይም ሰንሰለት፣ ባትሪና ዘይት ይተካል፤ የወረቀቱም ወጪ ከዚሁ ይከፈላል። ይህን ማድረግ የማይችል ገዢ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ መኪና ቢገዛ ይሻለዋል።

ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ፍተሻው በጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይጀመር። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ከሆነ ምክንያት አለው ማለት ነው። በብርድ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል። ሞቆም ያለማቋረጥ ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱ ያጠራጥራል። የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ተከፍቶ ውስጡ ዝገት ወይም የዘይት ጠብታ ካለው የቴስታታ ችግር አለ።

ቀጥሎ ላሜራው ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በበሩ ታችና በጎማው ዙሪያ ማስኬድ በቂ ነው፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ በታች ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጦ የወለሉን ላሜራ ማየት፣ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍቶ የተበየደ ቦታ መፈለግም ተገቢ ነው። ለስፖርት ተብሎ የተሽሞነሞነ መኪና በተለይ ይህንን ይጠይቃል፤ አዲስ ቀለም አንዳንድ ጊዜ ውበት ሳይሆን መሸፈኛ ነው።

በመጨረሻ መኪናው ዳገት ላይ ይሞከር። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ዳገት ላይ ተለቆ ጋዝ ሲረገጥ ማርሹ ከያዘበት የሚወጣ ከሆነ የካምቢዮው ጥርስ ተበልቷል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ሲለቀቅ ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ ሻንሲው የተጋጨ ሊሆን ስለሚችል ይለካ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው በቀላሉ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የፔዳሉ ላስቲክና የመሪው መበላት ከቆጣሪው የበለጠ እውነቱን ይናገራሉ።

ለፍተሻው የሚሄደው መካኒክ የገዢው እንጂ ደላላው የሚያመጣው መሆን የለበትም። ከመቱ ወይም ከጎሬ መካኒክ ይዞ እስከ አዲስ አበባ መሄድ የመጓጓዣና የአበል ወጪ ያስከትላል። ይሁንና ይህ ወጪ ከአንድ የሞተር ዕድሳት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ወረቀቱ

መኪናው ጤነኛ ሆኖ ወረቀቱ የታመመ ከሆነ ገዢው ባለመኪና አይሆንም። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተመቱት ጋር በዓይን ይመሳከሩ። ስፖርት ለማድረግ ሞተሩ የተለወጠ መኪና ላይ ይህ በተለይ ይጠብቃል። አዲሱ ሞተር በሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ የስም ዝውውሩ ይቆማል።

መኪናው የባንክ ዋስትና ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነም ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው ሊዛወር አይችልም። ርካሽ የመሰለው ዋጋ ያልተከፈለ ቀረጥ የያዘ ሊሆን ስለሚችል የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይጠየቅ።

የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመሸሽ በውክልና ብቻ መግዛት በገበያው የተለመደ ነው። የቴምብር ቀረጡ የንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው፤ ይህን ለማዳን የሚገባበት አደጋ ግን ከባድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ሲሞት በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር ውክልናው ይቀራል፤ ገዢውም ከወራሾች ጋር ክርክር ይገጥማል። ሻጩም ቢሆን አይድንም። በሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ በመሆኑ፣ በስሙ ያለው መኪና ሰው ቢገጭ ተጠያቂነቱ ወደ እርሱ ይመጣል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነውም ለዚሁ ጉዳት ነው። ውሉን በሚመለከተው ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ተፈራርሞ ስሙን ወዲያው ማዛወር ለሁለቱም ወገን ርካሹ መንገድ ነው።

መኪና የሀብት ማስቀመጫ ይሆናልን?

ብዙ ነጋዴዎች መኪናን እንደ ቤትና መሬት ገንዘብ የሚጠበቅበት ንብረት አድርገው ይቆጥሩታል። በሩ ከተዘጋና ብሩ ከረከሰ ወዲህ ይህ አስተሳሰብ ተጠናክሯል። ቀድሞ የገዛው ሰው በእርግጥ ተጠቅሟል። ዛሬ የሚገዛው ግን ያንን የዋጋ ጭማሪ ከፍሎ የሚገባ በመሆኑ ተመሳሳይ ትርፍ ይጠብቀዋል ማለት አይደለም።

ዋጋው በመንግሥት ውሳኔ የወጣ ነገር በመንግሥት ውሳኔ ሊወርድ ይችላል። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነው፣ ተገጣጥመው የገቡት በ15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲስተናገዱ ተወስኗል። ለረጅም መንገድና ለጭቃ ወረዳ ገዢው ለጊዜው ቤንዚን ቢመርጥም፣ ባትሪ መሙያው በጅማ መስመር በተስፋፋ ቁጥር የአሮጌው ኮሮላ ዋጋ መፈተኑ አይቀርም።

እዚህ ላይ የስፖርት መኪናው ጉዳይ ይለያል። ኮሮላ ወይም ቪትዝ ገንዘብ በቸገረ ጊዜ በአጭር ቀን ገዢ ያገኛል። ከአገር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ስፖርት መኪና ግን የሚሸጠው ያንኑ ዓይነት ፍቅር ያለው ሰው ሲገኝ ብቻ ነው፤ መቱ ላይ ሆኖ ያንን ሰው መጠበቅ ደግሞ ረጅም ነው። ብርቅነት ዋጋ የሚጨምረው ፈላጊው ብዙ ሲሆን ነው። ፈላጊው ጥቂት ከሆነ ብርቅነት ማለት ዕቃው የማይገኝለት፣ ገዢም የማይመጣለት ንብረት ማለት ነው።

ስለሆነም በአነስተኛ በጀት የጃፓን ስፖርት መኪና ለሚሻ የኢሉባቦር ገዢ የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ የጠራ፣ ቀጥሎ ላሜራው ያልዛገ፣ ከዚያ ዕቃው ጅማ ድረስ የሚገኝ መኪና ይምረጥ፤ ፍጥነቱና መልኩ ከሁሉም በኋላ ይምጡ። በኋላ እግሩ የሚገፋ፣ ከፍታው ያልተነካ፣ ፍሬኑ አዲስ የሆነ ንጹሕ ዲኤክስ እነዚህን ሁሉ ሊያሟላ ይችላል። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ብሎ ሲያጣድፍ ግን አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉትን ማስታወስ ይጠቅማል። የቡናው ገንዘብ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ መኪናው ግን ሌላ ሳምንትም ሊታይ ይችላል።